ስለ ጡረታ ጠይቁኝ፦ ለቱሉ ዲምቱ ሠራተኞች

ጋሼ፦ እንዴት አመሻችሁ። ከገላን እስከ ቃሊቲ ፋብሪካ ለፋብሪካ ስዞር ዕድሜዬን የጨረስኩት ደመወዝ ክፍል ነው። ስለ ግል ድርጅት ጡረታ ጠይቁ። ፔሮላችሁን (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝራችሁን) ሳታዩ ግን «ስንት ይደርሰኛል» አትበሉኝ።

የጨርቃ ጨርቋ፦ በወር ስንት ነው የሚቆረጥብን?

ጋሼ፦ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪሽ 11። ቀጥሉ።

ሹፌሩ፦ አምስት ድርጅት ቀያይሬአለሁ፤ አገልግሎቴ ጠፋ ማለት ነው?

ጋሼ፦ ይደመራል፣ መዋጮው ገቢ ከተደረገ። 10 ዓመት ካልሞላህ ግን የወር ጡረታ የለም። ፔሮልህን እይ።

የጨርቃ ጨርቋ፦ 12,000 ነው የማገኘው። ግማሹ ደመወዝ፣ ግማሹ የትራንስፖርትና የቤት አበል ተብሎ። ስቀጠር «እጅሽ ላይ የሚገባው ይበዛልሻል» ብለውኛል።

ጋሼ፦ እሰይ! ይኼን ስጠብቅ ነው ያመሸሁት። ጡረታ የሚሰላው በመደበኛ ደመወዝ ነው፤ አበል አይቆጠርም። 20 ዓመት አገልግለሽ በ60 ዓመትሽ ወጣሽ እንበል። ለ10 ዓመቱ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ዓመት 1.25፤ በድምሩ 42.5 በመቶ። የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝሽ 6,000 ከሆነ 2,550 ብር ነው። ሙሉው 12,000 ደመወዝ ቢባል ኖሮ 5,100። ከመዋጮ ተረፈልሽ የተባለው በወር 420 ብር ነው፤ ለአሠሪው ደግሞ 660 ተረፈለት። እኔም ስንቱን እንዲህ እያልኩ አስፈርሜያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥበቃው፦ ምን ጡረታ ጡረታ ትላላችሁ! ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቶ ማከራየት ነው።

ሹፌሩ፦ በየትኛው መሬት? በዚህ የሲሚንቶ ዋጋ?

ጥበቃው፦ ዕቁብ ግባ።

ሹፌሩ፦ ዕቁብ ስትሞት ለሚስትህ ወር በወር ይከፍላታል?

ጋሼ፦ የሰርቪሱን ወሬ ሌላ ቀን። የሟች ጡረተኛ ሚስት ግን የጡረታውን ግማሽ ታገኛለች።

ግንበኛው፦ እኛ የኮንስትራክሽኖቹስ?

ጋሼ፦ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ውል አለህ? የስንት ቀን? ከ45 ቀን ያላነሰ ቅጥር ካለህ ሕጉ ያቅፍሃል።

የጨርቃ ጨርቋ፦ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይቀይሩ ነበር?

ጋሼ፦ በየወሩ የማይቀር አበል ሁሉ እንደ ደመወዝ ይታሰብ። መዋጮው ገቢ በሆነ ቁጥር ለሠራተኛው ስልክ መልእክት ይድረሰው፤ ቆርጦ የሚያስቀር አሠሪ ያኔ ይታወቃል። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ያለው በ2011 ነው። ጡረታውም ከጤፍ ዋጋ ጋር አብሮ ይሂድ።

ሹፌሩ፦ ጋሼ፣ ጡረታ በስንት ዓመት ነው የሚወጣው?

ጋሼ፦ 60! ከላይ አልጻፍኩም?

የጨርቃ ጨርቋ፦ የደመወዝ ወረቀቴን ከቦርሳዬ አወጣሁት። መደበኛ ደመወዝ 4,500 ይላል። 6,000 አይደለም።

ጋሼ፦ የቅጥር ደብዳቤሽስ?

የጨርቃ ጨርቋ፦ 6,000።

ጋሼ፦ ሁለቱንም ኮፒ አድርገሽ እሑድ ጠዋት በሩ ላይ ጠብቂኝ። ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ።