መልስ፦ ማውሱን ስነካ ሞደሙ ለምን ይቋረጣል?

ማውሱ ኮም 1 ላይ፣ ሞደሙ (በስልክ መስመር የሚያገናኝህ ካርድ) ኮም 3 ላይ ነው ካልክ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ኮም ማለት የኮምፒውተሩ ሲሪያል ፖርት ነው። ሞደሙ አልተበላሸም፣ አዲስ እንዳትገዛ። ኮም 1 እና ኮም 3 አድራሻቸው ይለያያል እንጂ (3ኤፍ8 እና 3ኢ8) ሁለቱም የሚጠቀሙት አይአርኪው 4ን ነው፤ አይአርኪው ማለት ዕቃው ፕሮሰሰሩን «ስማኝ» ብሎ የሚጠራበት መስመር ነው። ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ አይአርኪው 3ን። በድሮዎቹ የአይሳ ካርዶች (ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የድሮ ዓይነት ማስገቢያ የሚሰኩት) ሁለት ዕቃ አንድ አይአርኪው ላይ እኩል መሥራት አይችልም፤ ማውሱን ስትነካ ሞደሙ ሰሚ ያጣል።

እኔ ብሆን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ገብቼ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ኮም 2 እዘጋዋለሁ፣ ምንም ካልተሰካበት ማለቴ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ የሞደሙን ጃምፐር (ካርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የቁጥር መምረጫ መሰኪያ) ወደ ኮም 2፣ አይአርኪው 3 አዙረው። ኮም 2 የግድ ካስፈለገህ ግን ሞደሙን እዚያው ኮም 3 ላይ ተወውና አይአርኪውን ብቻ 5 አድርገው፤ ሳውንድ ካርድ ካለህ ተጠንቀቅ፣ ሳውንድ ብላስተርና መሰሎቹ 5ን ይወዷታል። አይአርኪው 7 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፕሪንተሩ ነው። ዊንዶውስ 95 ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር (የዕቃዎቹ ዝርዝር) ውስጥ የፖርቱን ሪሶርስ ከፍተህ አውቶማቲክ ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሳና ጃምፐሩ ላይ ያደረግከውን ቁጥር ራስህ ሙላ። ኮም 4ን አልመክርህም፣ አድራሻው ከአንዳንድ የኤስ3 ቪዲዮ ካርዶች ጋር ይጋጫል።