ዘጠኝ ካምፓስ በአንድ ቅጽ፦ ስለ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

ልጆቻቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱ ወላጆች፣ ተማሪዎቹም ጭምር፣ ስለ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚከነክናቸውን እንዲጠይቁኝ ጋብዤ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ አይደለሁም። ነገር ግን በየዓመቱ ኖቬምበር ሲመጣ ከቤተሰቦች ጋር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ይህንን ቅጽ ስሞላ አመሻለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጄ በሰባት ካምፓስ ላመልክት ይላል። ይህ ነገር ከመቼ ወዲህ የመጣ ነው?

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ አመልካቹ የሚመርጠው አንድ ካምፓስ ብቻ ነበር፤ ያ ከሞላ ወደ ሌላው ይመሩታል። በ1986 መጸው ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ግን በአንድ ቅጽ ወደ ብዙ ካምፓሶች ማመልከት ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሲያድግ ኖሯል። በ2020 የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ የኤስኤቲና የኤሲቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎችን ለማስቀረት ወሰነ፤ ዛሬ ለመግቢያ ጨርሶ አይታዩም። ቀድሞ የፈተና ውጤቱን አይቶ «የበርክሊ ካምፓስማ ለእኔ አይሆንም» ይል የነበረ ልጅ አሁን ሳጥኑን ምልክት አድርጎ ያልፋል።

በ2023 ለመጀመሪያ ዓመት ያመለከቱት ወደ 206,000 ገደማ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከ145,000 የሚበልጡት የሎስ አንጀለስን ካምፓስ መርጠዋል፤ የተቀበለችው ግን ከመቶ ዘጠኝ ያህሉን ነው። ይህ ቁጥር በዜና ይነገራል፤ የሰማው ቤተሰብ ይደነግጥና በቀጣዩ ዓመት ሁለት ካምፓስ ይጨምራል። የጨመረው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ቁጥር ይበልጥ አስፈሪ ያደርገዋል። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ሰነፉ ወይም ጎበዙ ማለት አይደለም፤ አንዱ ልጅ በስድስት ወረፋ ላይ መቆሙ ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንላለን። ብዙ ካምፓስ መምረጡ ቆራጥነት የጎደለው አያስመስለውም?

አባቴ፣ ተረቱ እውነት ነው፤ ግን የሚሠራው ሜይ 1 ላይ ነው። ያን ቀን ልጁ አንድ ካምፓስ ብቻ መርጦ እገባለሁ ይላል። እስከዚያ ድረስ ዛፍ እየወጣ ሳይሆን በር እያንኳኳ ነው። ቅጹ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ ምርጫው እንደሆነ አይጠይቅም፤ እያንዳንዱ ካምፓስም የሚወስነው ለብቻው ነው።

ገንዘቡስ? ሁሉንም ብትመርጥ ስንት ይመጣብኛል?

በአንድ ካምፓስ 80 ዶላር ነው። ከሌላ አገር የሚያመለክት 95 ይከፍላል። የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጡት ዘጠኝ ናቸው፤ አሥረኛው ሳን ፍራንሲስኮ ከዲግሪ በላይ ላሉት ብቻ ነው። ዘጠኙም 720 ዶላር ይሆናሉ ማለት ነው። ገቢዎ ዝቅ ያለ ከሆነ የአራት ካምፓስ ክፍያ ይነሳልዎታል፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ግን ከኪስ ነው። አንድ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ሳጥኖቹን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ እናቱ ከኋላው ቆማ እያንዳንዱን በጣቷ ትቆጥር ነበር። አራተኛው ላይ «በቃ!» አለች። ልጁ ዞር ብሎ «ሳንዲያጎስ?» አላት። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩና ዴቪስ ወጥታ ሳንዲያጎ ገባች። ከዚያ ምሽት ሁሉ የሚጠቅመው ያ ሃያ ደቂቃ ነበር።

ለእያንዳንዱ ካምፓስ የተለየ ድርሰት ልጻፍ?

የለም። ከስምንት ጥያቄ አራቱን ትመርጫለሽ፤ እያንዳንዱ መልስ ቢበዛ 350 ቃል ነው። የጻፍሽውን ሁሉም ካምፓስ ያነበዋል። ይህንን የምደጋግመው ምክንያት አለኝ፦ አንድ ተማሪ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ በርክሊ ነው» ብሎ ጽፎ ለሌሎች አምስት ካምፓሶችም ሊልከው ሲል ደረስኩበት። ስለ ራስሽ ጻፊ፤ ስለ እነሱ አይደለም። የምታጠኚውን የትምህርት ዘርፍ ግን በየካምፓሱ ለያይተሽ መምረጥ ትችያለሽ።

መርሴድን ማንም አያውቃትም። ለምን ትጨመር?

መርሴድ በ2005 የተከፈተች የመጨረሻዋ ካምፓስ ናት፤ ካመለከቱት አብዛኞቹን ትቀበላለች፤ ዲግሪው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሆኖ ውጤቱ ከላይኞቹ ከመቶ ዘጠኝ ውስጥ የገባ ተማሪ ካመለከተባቸው ሁሉ ባይቀበሉት፣ ቦታ ባለው ሌላ ካምፓስ ይቀርብለታል፤ ቦታ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ መርሴድ ነው። ስለዚህ «ባልመርጣትም ትመጣለች» የሚል አለ። እኔ ግን ልጁ የሚሄድባት ከሆነ በራሱ እጅ ይምረጣት እላለሁ። የማይሄድባት ከሆነ 80 ዶላሩ ለምን ይባክናል?

ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብተሃል አሉኝ። ምን ማለት ነው?

አንድ ጎበዝ ተማሪ የአራት ካምፓስ ደብዳቤ ይዞ የሚገባው አንዱ ውስጥ ብቻ ነው። ሦስቱ ይመጣ አይመጣ ሳያውቁ ይቆያሉ፤ ለዚህ ነው ተጠባባቂ የሚይዙት። ከአንድ በላይ ዝርዝር ውስጥ ለመቆየት መስማማት ትችላለህ። ነገር ግን ከተቀበሉህ አንዱን እስከ ሜይ 1 ያዝ፤ ተጠባባቂነት ወንበር አይደለም።

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ) የሚዛወርስ?

ለእሱ ከስድስት ካምፓሶች ጋር የቅበላ ዋስትና ውል አለ፦ ዴቪስ፣ ኢርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ሳንታ ክሩዝ። ውሉ የሚገባው ግን ከአንዱ ጋር ብቻ ነው፤ ጊዜውም ሴፕቴምበር ነው፣ ከዋናው ማመልከቻ በፊት። በርክሊ፣ ሎስ አንጀለስና ሳንዲያጎ ይህንን ዋስትና አይሰጡም። ዋስትናውን ከአንዱ ይዞ፣ በዋናው ቅጽ ደግሞ እነዚህንም መሞከር ይቻላል። በእኔ እምነት ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይህ ሆኖ ሳለ ወላጆች እንደ ሽንፈት ያዩታል።

ትናንት ማታ ለአራት ካምፓስ ልኬ ጨረስኩ። አሁን ሳንታ ክሩዝን መጨመር እችላለሁ?

ቀነ ገደቡ ካላለፈ ትችላለህ፤ ተመልሰህ ገብተህ ክፍያዋን ከፍለህ ጨምራት። የላክኸውን ማውጣት ግን አይቻልም፤ የከፈልኸውም አይመለስም።