36 አመቴ ነው፣ ምንም አያመኝም፣ ምን ልመርመር ላልሽው

እህቴ «ሁለት ወልጃለሁ፣ ምንም አያመኝም፣ ታዲያ ለምን ልመርመር፣ ብመረመርስ የቱን ላስቀድም» ያልሽውን እኔም በ34 አመቴ እለው ስለነበር ትንሽ ረዘም አርጌ ልመልስልሽ።

ያኔ ጓደኛዬ ብቻዬን እፈራለሁ ስትለኝ ልሸኛት ሄጄ፣ እዛው «አንቺም ተመርመሪ» ብላ ጎትጉታኝ ነው የማህፀን በር ምርመራ፣ ፓፕ ስሚር የሚሉትን ያደረግኩት። 5 ደቂቃ አይሞላም። ማያውን እቃ ሲያስገቡት ይቀዘቅዛል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ነርሷ «አይዞሽ፣ ተንፍሺ፣ ሰውነትሽን ልቀቂው» እያለችኝ በትንሽ ብሩሽ ጠረግ አርጋ ጨረሰች። ይጨንቃል እንጂ ያን ያህል አያምም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደወለልኝና ሴሎቹ መቀየር ጀምረዋል፣ ካንሰር አይደለም፣ ግን ከተተወ ወደዛ ሊሄድ ይችላል ተባልኩ። የተቀየረውን ቦታ ብቻ አነሱልኝ፣ በዛው ቀን ቤቴ ገባሁ፣ ይኸው አሁን 47 ነኝ። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ሳይጠፋ ከቆየ ወደ ካንሰር እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 አመት ይፈጃል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ህመም ላይኖር ይችላል። ምርመራው የተሰራውም ላላመማት ሴት ነው።

ስለዚህ ባንቺ እድሜ እኔ የማስቀድመው ይሄንን ነው። የአለም ጤና ድርጅት ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገውን የኤችፒቪ ምርመራ ከ30 አመት ጀምሮ በየ5 እስከ 10 አመቱ ይመክራል፣ ኤችአይቪ በደሟ ላለባት ደግሞ ከ25 ጀምሮ በየ3 እስከ 5 አመቱ። ሴሎቹን የሚያየው ፓፕ ስሚር ከሆነ ግን በየ3 አመቱ ነው የሚደገመው። ሴት ልጅ ካለችሽ የኤችፒቪ ክትባቱን ከ9 እስከ 14 አመቷ ባለው ጊዜ አስከትቢያት።

ግፊትሽን አመት ሳያልፍ ተለኪ፣ እሱ ምንም ድካም የለውም። ስኳር ላይ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በእርግዝናሽ ጊዜ ስኳር ታይቶብሽ ነበር? ብዙዎቻችን ስንወልድ ጠፋ ብለን እንረሳዋለን፣ ግን በኋላ ተመልሶ የመምጣት እድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ከወለድሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ፣ ከዛም ቢበዛ በየ3 አመቱ መታየት አለበት።

ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ አንዳንድ ሀገር ከ40፣ አንዳንድ ሀገር ከ50 ነው የሚጀመረው፣ በብዛት በየ2 አመቱ። እናትሽ ወይ እህትሽ የጡት ካንሰር ከነበረባቸው ግን ቀደም ሊል ስለሚችል አሁኑኑ ለሀኪም ንገሪ። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ ደም ካየሽ እድሜ የሚባል ነገር የለም፣ በዛው ሳምንት ሂጂ።

ለእናትሽ ደግሞ፣ ከ65 በኋላ የአጥንት መሳሳት ምርመራ። የኔ እናት ደረቅ ወለል ላይ ወደቅ ብላ አንጓዋ ተሰበረ፣ አጥንቷ መሳሳቱን ያወቅነው ያኔ ነው። የወር አበባ ከቆመ አመት አልፎት ጠብታ ደም እንኳን ከታየ «ተመለሰ» ብሎ መሳቅ የለም፣ መታየት አለበት። ከ45 በኋላ የአንጀት ካንሰር ምርመራም አለ፣ በሰገራ ብቻ የሚጀመር አለው።

ቀጠሮ ስትይዢ የወር አበባሽ ካለቀ በኋላ ያለውን ሳምንት ምረጪ፣ ለፓፕ ስሚር ደግሞ ከዛ በፊት ለ2 ቀን ግንኙነትም በማህፀን የሚገባ መድሃኒትም አይኑር።