ቴፑ አልነበብ ላላችሁ፣ ጠይቁኝ

ለገጣፎ ቤቴ ነኝ። መብራት እስኪሄድ እመልሳለሁ። ከአንዱ ዩኒክስ (የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት) ወደ ሌላው የዞረ የባካፕ ቴፕ (መጠባበቂያ ቅጂ የተያዘበት ማግኔታዊ ክር) ያስቸገራችሁ፣ ኑ። አንድ ነገር ብቻ፦ ድራይቭ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት መቆለፊያዋን ግፉና ቴፑ እንዳይጻፍበት ቆልፉት።

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ ከድሮ የሰን ኩባንያ ማሽን የወጣ፣ ዳት የሚባል የቴፕ ዓይነት ነው። ሊኑክስ ላይ በታር (ፋይሎችን አንድ ላይ አስሮ በሚጽፈውና በሚፈታው ፕሮግራም) ሳነበው «ሜሞሪ መመደብ አልተቻለም» ይለኛል። ራም ልጨምር?

መልስ፦ ራምህን ተወው! መልእክቱ ያሳስታል። ቴፕ እንደ ዲስክ አይደለም፤ የጻፈው ሰው በቆረጠው ልክ ነው የሚነበበው። ታር ዝም ካሉት 20 ባለ 512 ባይት ብሎክ አስሮ 10,240 ባይት አንዴ ይጽፋል። ሰውየው 64 አስሮ ከሆነ ግን አንዱ ቁራጭ 32,768 ነው። አንባቢው ያዘጋጀው ቦታ ከቁራጩ ሲያንስ ሊኑክስ እንዲህ ይላል። ድራይቩን በሚያዘው ፕሮግራም በኤምቲ «ሴትብሎክ»ን ዜሮ አድርገው፣ ድራይቩ የመጣውን መጠን ሁሉ እንዲቀበል። ከዚያ ዳታን እንዳለ በሚገለብጠው በዲዲ፣ ቢኤስ (አንዴ የሚነበበው መጠን) 256 ኪሎ ባይት ብለህ አንድ ቁራጭ ብቻ አውጣ። የወጣው ፋይል መጠን የቁራጩ መጠን ነው። ለ512 አካፍለህ፣ ስንት ብሎክ እንደታሰረ በሚነግረው በ«ቢ» ለታር ስጠው። ደግሞ የድራይቩን ስም ስትጽፍ ኤንኤስቲ ዜሮን ተጠቀም፤ ኤስቲ ዜሮ በጨረሰ ቁጥር ቴፑን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ቆልፈኸዋል ግን?

ከሱሉልታ፦ የኔም አልነበበም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ቴፕ? በምን ተጻፈ? ምን አለህ? ሐኪም ቤት እንኳ የቱ ጋ እንዳመመህ ትናገራለህ።

ከቡራዩ፦ የኔ ከሲሊከን ግራፊክስ ኩባንያ ማሽን የመጣ፣ ኪውአይሲ የሚባል የቴፕ ዓይነት ነው። የፋይል ስም ሁሉ ተዘበራርቋል።

መልስ፦ የዚያ ማሽን ዩኒክስ፣ አይሪክስ፣ ኪውአይሲ ላይ ባይቶችን ጥንድ ጥንድ እያገላበጠ የመጻፍ ልማድ አለው። «ደብተር» «ብደርተ» ሆኖ እንደመጣ ቁጠረው። ዲዲ ላይ «ኮንቭ ስዋብ» (ጥንዶቹን መልሰህ አገላብጥ) ብለህ ለታር አቀብለው።

ከአያት፦ ሰን ቢግ ኢንዲያን (የቁጥሩን ትልቅ ባይት የሚያስቀድም)፣ ኢንቴል ሊትል ኢንዲያን (ትንሹን የሚያስቀድም)። የሰበታውም ችግር ይኸው ይመስለኛል።

ከቡራዩ፦ አይደለም። የታር ራስጌ (የፋይሉ ስምና መጠን ያለበት) እኮ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ቁጥሮቹም በኦክታል (በስምንት ቤት) ተጽፈው ነው ያሉት፤ የባይት ቅደም ተከተል አይነካቸውም።

ከአያት፦ ሲፒአይኦ በሚባለው ሌላ የማሰሪያ ፕሮግራም ላይ ግን ደርሶብኛል።

ከቡራዩ፦ የሲፒአይኦ የድሮው ራስጌ ባይነሪ (ጽሑፍ ያልሆነ ጥሬ ቁጥር) ነዋ! «ሲ» ብለህ በጽሑፍ ራስጌ ብትጽፈው ኖሮ አይደርስብህም ነበር።

ከጀሞ፦ ይሄን ሁሉ ትታችሁ ሃርድ ዲስክ ግዙ።

ከአያት፦ ያንተ ሃርድ ዲስክ ክረምት ላይ ምን ሆነ?

መልስ፦ በቃ! ቡራዩ ልክ ነው። ቀጥሉ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ፣ ታር ላይ «ኤክስ» (አውጣ) ልል «ሲ» (አዲስ ጻፍ) አልኩ። ወዲያው አቆምኩት። ቀሪው ይወጣል?

መልስ፦ አይ እህቴ። ድራይቩ እዚያው ላይ አዲስ የመጨረሻ ምልክት ጽፏል፤ ከሱ አላልፍም ይልሻል። የቀረው ዳታ ቴፑ ላይ አለ፣ በተራ ትእዛዝ ግን አይደረስበትም። ምንም ሳትጽፊበት አስቀምጪው። ቆልፉ የምለው ለዚህ ነው!

ከሱሉልታ፦ ቴፑ ኤልቲኦ 2 (ኤልቲኦ የሚባለው ቴፕ ሁለተኛ ትውልድ)፣ ድራይቩ ኤልቲኦ 5።

መልስ፦ ይሄን ቀድመህ ብትለኝ! 5 ወደኋላ የሚያነበው እስከ 3 ነው። ከ2 እስከ 4 ያለ ድራይቭ ፈልግ።

ከጀሞ፦ በስንት ይገኛል?

መልስ፦ ነጋዴ አይደለሁም።

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ 65,536 ወጣ!

መልስ፦ 128 በለው። ቆልፈኸዋል ወይ?

ከሰበታ፦ ...አሁን ቆለፍኩት።