የኒው ዮርክ ዋጋ ሐረር የሚደርሰው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) ቡና ሰብስቤ ድሬዳዋ ላሉ ላኪዎች አቀርባለሁ። የአሜሪካ ኢኮኖሚ ተቀዛቀዘ በተባለ ቁጥር ዋጋ ይቀንሱብኛል። ሰዉ እዚያ ቡና መጠጣቱን አልተወ፤ ታዲያ ምን ነካው? ከመግዛቴ በፊትስ ምን ላስላ?
(አቅራቢ፣ ከሐረር)

መልስ፦ እውነትዎን ነው፣ ጠጪው ብዙም አይቀንስም፤ ካፌ ይሄድ የነበረው ቤቱ ያፈላል። ዋጋውን የሚጥሉት ሌሎች ናቸው። ኒው ዮርክ ባለው ገበያ ላይ የአረቢካ ቡና ውል (ወደፊት ለሚረከብ ቡና ዛሬ ዋጋ የሚቆረጥበት) የሚገዙ፣ ጀንፈል ምን እንደሚመስል እንኳ የማያውቁ ባለገንዘቦች አሉ፤ ሥጋት ሲገባቸው ነዳጁንም መዳቡንም ቡናውንም ባንዴ ሸጠው ይወጣሉ። ብራዚልም አለች። በሥጋት ጊዜ ባለገንዘቡ ብዙ ጊዜ ወደ ዶላር ይሸሻል፤ ዶላር ሲጠነክር የብራዚል ሪያል ይዳከማል፤ ስለዚህ ገበሬው በዶላር ያነሰ ቢከፈለውም በሪያል አይጎዳምና ያከማቸውን ያወጣል። የዓለም ትልቁ አምራች ሲሸጥ የእኛ ዋጋ አብሮ ይወርዳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የኒው ዮርክ ዋጋ የሚነገረው ለአንድ ፓውንድ ክብደት በአሜሪካ ሴንት ነው፤ አንድ ፈረሱላ (17 ኪሎ) 37.5 ፓውንድ ያህል ነው። ዋጋው 300 ሴንት፣ ምንዛሪው 130 ብር ቢሆን፣ የቅሽር (ገለባው የተነሣለት) ቡና ፈረሱላ 112.5 ዶላር፣ ማለትም 14,625 ብር ይሆናል። ጀንፈል ሲቀሸር ግማሽ ያህሉ ስለሚቀር ለጀንፈሉ 7,300 ብር ገደማ ይያዙ። ከዚህ ላይ የመቀሸሪያ፣ የለቀማ፣ የጆንያ፣ የጭነትና የላኪው ትርፍ ይቀነሳል፤ ገዢው ለሐረር ቡና ጣዕም የሚጨምረው ካለ ይደመራል። ኒው ዮርክ በ10 ሴንት ሲወርድ ከጀንፈል ፈረሱላ 240 ብር ያህል ይሄዳል።

ብዙ አቅራቢ የሚከስረው እዚህ ነው፦ የዛሬን ዋጋ አይቶ ይገዛል፣ ቡናው ተቀሽሮና ተለቅሞ እስኪረከብ ሳምንታት ያልፋሉ። ሁሉን ባንድ ቀን አይግዙ፤ በየሳምንቱ ከፋፍለው ይግዙ።

ምንዛሪውንም ይከታተሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ብር ከተዳከመ ኒው ዮርክ ወርዶም በብር ያገኙት ላይቀንስ ይችላል። ግን የተረፈዎት ይመስልዎታል እንጂ ጎማውና መለዋወጫው ይወደዳል። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ የታሰረ ስለሆነ፣ ዶላር ሲወደድ የጅቡቲ ወደብ ክፍያም በብር ሲታሰብ አብሮ ይወደዳል።

ላኪው ዋጋ ሲቀንስብዎት አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «ከውጭው ገዢ ጋር ዋጋው ተቆርጧል ወይስ ገና ነው?» ከተቆረጠ የኒው ዮርክ መውረድ እሱን አልነካውምና ለዚያ ጭነት ቅናሹን አይቀበሉ። ገና ከሆነ ግን ሥጋቱ የጋራ ነው፤ የሚካፈሉበትን ልክ ቡናው ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ ይያዙ።