መልስ፦ ከፊዚክስ መምህሬ ጋር ተኳርፈናል፣ ሶሻል ልግባ?

በመምህር ምክንያት ሶሻል እንዳትገባ። መሀል ሜዳ ከተማ 10ኛ ክፍልን እየጨረስክ ነው፣ የፊዚክስ መምህሩ ክፍል ውስጥ ስላዋረደህ 11ኛ ላይ ናቹራልን ልትተወው ነው ያልከው። መምህር ይቀየራል። ስትሪሙ ግን እስከ 12ኛ ካንተ ጋር ነው።

1. የ9ኛና የ10ኛ ካርድህን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ደህና ከሆኑ ጠብህ ከሰውየው ጋር እንጂ ከትምህርቱ ጋር አይደለም።

2. ሰውየውን ተማሪ ፊት አታናግረው። ስታፍ በር ላይ ብቻውን ጠብቀህ "ቲቸር፣ አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ" በለው። ባታጠፋም በለው፣ ምንም አይቀንስብህም።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ደብረ ብርሃን ስማር ሶሻል የገባሁት ከሒሳብ ለማምለጥ ነበር። ሒሳብ እዚያም ጠበቀኝ፤ የ12ኛ መልቀቂያ ላይ ሁለቱም ስትሪም ሒሳብ ይፈተናል። በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንቤ፣ እናቴ የላከችውን በሶ እየበጠበጥኩ፣ የ9ኛን ሒሳብ እንደ አዲስ የጀመርኩት 12ኛ ላይ ነው። ያስጠናችኝ ደግሞ እዚያው ግቢ የተከራየች የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ያውም እየሳቀችብኝ።