የፈረስ እግር ላይ ቅርፊት ስታዩ ጥፍራችሁን ሰብስቡ

እናንተ ገና ሥራ የጀመራችሁ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ፈረስ የምትንከባከቡ ልጆችም፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ከባድ ቀዶ ጥገና አይደለም። ከሰኮናው በላይ፣ ከተረከዙ ኋላ ባለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ ላይ ስለምትወጣ ቅርፊት ነው። ስታዩዋት ቀላል ትመስላለች። እኔን ግን እንደ እሷ ያሳፈረኝ በሽታ የለም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ባዝራ አሳዩኝ። የአንድ ኋላ እግሯ ታች ቅርፊት በቅርፊት ሆኗል፤ ፀጉሩ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ እንደ ቀለም ቡሩሽ ጫፍ ቆሟል። እኔ ሆዬ ጎበዝ ነኝ ብዬ በጥፍሬ እየላጥኩ ማንሳት ጀመርኩ። ባለቤቱ «ዶክተር፣ እያመማት ነው» አለኝ። «ያዛት ብቻ» አልኩት። ላጥኩት፣ ደማ፣ ወፍራም ቅባት ለቀለቅኩበት፣ በፋሻ ጥፍር አድርጌ ጠቀለልኩና ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ እግሯ እስከ ቋንጃዋ አብጦ ምሰሶ መስሏል፤ መሬት አታስረግጠውም። ባለቤቱ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ቆይቶ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ደርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ኮንጎ ውስጥ ከከብቶች ላይ ተለይቶ ስለታወቀ ነው ስሙን ያገኘው። ደረቅ ቅርፊት ውስጥ ለወራት ተኝቶ ይቆያል። ውሃ ሲያገኝ ይነቃና እየዋኙ የሚሄዱ ዘሮች ይለቃል። ጤነኛ ደረቅ ቆዳ ግን በቀላሉ አያስገባውም፤ በጭቃና በውሃ የራሰ ወይም የተጫረ ቆዳ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ በጥፍሬ በሩን ከፈትኩለት፣ በቅባቱና በፋሻው እርጥበቱን አፈንኩለት። ሌሎች ባክቴሪያዎችም ተከትለው ገቡ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ጓንት፣ ምክንያቱም ወደ ሰውም ይተላለፋል። ቀጥሎ ፀጉሩን ቆዳውን ሳልነካ በጥንቃቄ አሳጥራለሁ፤ ረጅም ፀጉር እርጥበት ይይዛል፣ ቁስሉንም ይደብቃል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ባለው ሻምፑ አጥብና አረፋውን 10 ደቂቃ እተወዋለሁ። 10 ደቂቃ ስል በሰዓት ነው፤ ፈረስ ይዞ ለቆመ ሰው ሁለቷም ደቂቃ አሥር ትመስላለች። የራሰው ቅርፊት በጣት ሲነካ ራሱ ይለቃል። እምቢ ያለውን ለነገ ተዉት፣ አትታገሉት። የለቀቀውን ሰብስባችሁ አስወግዱ እንጂ ጋጣው ውስጥ አትጣሉ። በደንብ አለቅልቁ።

ከዚያ ማድረቅ ነው። ልጆች፣ አብዛኛው ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ፎጣ ይዛችሁ፣ ሳታሹ፣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ፣ የቆዳውን እጥፋት ሁሉ እየከፈታችሁ አድርቁ፤ ያ ፎጣ ደግሞ ሌላ ፈረስ እንዳይነካ። መድኃኒቱ፣ ለምሳሌ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ክሬም፣ ከዚያ በኋላ ስስ ሆኖ ይቀባል። ያገለገለ የሞተር ዘይት የተቀባ እግርም አይቻለሁ፣ እሱን ለማጠብ ከበሽታው በላይ ነው የለፋሁት። ቅርፊቱ ከለቀቀ በኋላ በየቀኑ ማጠብም ጉዳት ነው። ፈረሱ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ የሚያድር ከሆነ ደግሞ የቀኑ ልፋታችሁ ሌሊቱን ይፈርሳል።

ቅርፊት ሁሉ ግን የጭቃ አይደለም። አንድ ሦስት እግሩ ነጭ የሆነ ዳማ ነበር፤ ሳምንታት ሙሉ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ቀባሁ፣ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ጋጣ የሚጠርገው ልጅ መጥረጊያውን ተደግፎ «ዶክተር፣ ጭቃ ቀለም ይመርጣል እንዴ?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቁስሉ ነጩ ፀጉር የሚያልቅበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አራተኛው ጥቁር እግር እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆሞ አንድ ጭረት የለበትም! ደም ተመረመረ፤ ጉበቱ ተጎድቷል። ጉበት ሲጎዳ ከሚበላው ሣር የሚመጣ ንጥረ ነገር ሳይወገድ ደም ውስጥ ይቀራል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቀለም የሌለውን ቆዳ ያቃጥላል። የረዳው ጥላ ማስገባትና ጉበቱን ማከም ነው፤ የእኔ ሻምፑማ ምን ይሠራል።

ፈረሱ ሌሊት መሬት እየደበደበ እግሩን የሚያክ ከሆነ፣ በተለይ እግሩ ፀጉራም ከሆነ፣ እከክ ጠርጥሩና ቆዳውን ፋቅ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ። በእግሩ ሽቅብ እንደ ዶቃ የተደረደረ እባጭ ካያችሁ ሌላ በሽታ ነው፣ ፈረሱን ከሌሎቹ ለዩት። እግሩ ሞቆ ካበጠ፣ ካነከሰ፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ደግሞ ነገሩ ከቆዳ አልፏል። ክሬም እየቀባችሁ ቀን አትግደሉ። ሐኪም ያልሆናችሁ ያኔውኑ ሐኪም ጥሩ፤ ሐኪም የሆናችሁም ካልገባችሁ ከእናንተ የቆየ ሰው ለመጠየቅ አትፈሩ። እኔ ያኔ አፍሬ ሳልጠይቅ ሁለት ቀን አሳልፌያለሁ።

ባዝራዋ ዳነች። በመርፌ መድኃኒት፣ በእጥበትና በደረቅ ጉዝጓዝ፣ ከወር በላይ ፈጅቶ። ከዚያ በኋላ ግን የቦት ጫማዬን ድምፅ ስትሰማ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ያንን እግሯን ታነሳ ነበር።